ደቦው ሐሙስ ነበር

ወልደ ጊዮርጊስ የሚስቱን መርዶ የሰማው ጓሮው ውስጥ ቆሞ፣ ሊያረዱት የመጡትን ሰዎች የጎመን መደብ እያስቆፈረ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1978 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ፣ ረቡዕ ማለዳ፣ ጂንካ ላይ ነው። ወልደ ጊዮርጊስ የአውሮፕላን ሜዳው ዘበኛ ነበር። ሜዳው ከተማው መሀል የተዘረጋ ሣር ስለሆነ የሰፈሩ ከብት ሁሉ የሚግጠው እዚያ ነው። አውሮፕላን በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ድምፁ ሲሰማ ከብቱን አባርሮ ሜዳውን ማስለቀቅ የእሱ ሥራ ነው። በቀሩት አምስት ቀናት ሥራው አውሮፕላን አለመምጣቱን ማየት ነበር። ይህንንም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ በሚገባ ይወጣዋል።

ሚስቱ ጥሩነሽ ሌላ ዓይነት ሰው ነበረች። ጓሮዋን የምትይዘው በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ነው። ጠዋት ወጥታ አንድ መደብ ትነካለች፤ ያንን ስትጨርስ እጇን ታጥባ ትገባለች። ዝናቡ ቢያባራም፣ ጉልበት ቢተርፋትም ሁለተኛ አትነካም። ወልደ ጊዮርጊስ ግን ሥራ ከተባለ በአንድ ቀን ድምጥማጡን ማጥፋት ይወዳል። ያ ቀን ደግሞ ሁልጊዜ ነገ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጥሩነሽ የሆድ ሕመሟ ሲብስባት፣ ልጃቸው ሐና ወዳለችበት አርባ ምንጭ ለሕክምና ሄደች። የሄደች ቀን በሩ ላይ ቆማ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረችለት።

«የሙዙን ደረቅ ቅጠል መቁረጥ። የቡናውን ሥር ማጽዳት፤ ፍሬው ሲረግፍ ሣር ውስጥ እንዳይጠፋ። የጎመኑን መደብ መቆፈር። የሽንኩርቱን ችግኝ ማዛወር። የስኳር ድንቹን ሐረግ መትከል። ጎደሬውን ማረም። የምሥራቁን አጥር መድፈን። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ሰምተሃል? መስቀል ሲያልፍ እመጣለሁ።»

«ይህ እኮ የአንድ ቀን ሥራ ነው» አላት።

«እሱን ነው የምፈራው» አለችው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ጓሮው አረንጓዴ ሆነ፤ ችግሩ አረንጓዴው ሁሉ አረም መሆኑ ነው። በመስቀል ሰሞን ለጥሩነሽ ደብዳቤ ጻፈላት። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሲሰማ የኖረው ቋንቋ ያን ዕለት ጠቀመው። «የጓሮው ሥራ በተያዘለት ዕቅድ መሠረት መቶ በመቶ ተጠናቋል» ብሎ ጽፎ፣ ለማክሰኞው አውሮፕላን ሰጠ። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ከኮረብታው ጀርባ ሲሰወር ግን ቀን መቁጠር ጀመረ። ጥሩነሽ በቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ ብትመጣስ? ሌላው ቢቀር ጽሑፉ እውነት መሆን ነበረበት። ስለዚህ ሰው ለመነ፤ ለቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ ደቦ ጠራ።

የጥሩነሽ ነገር ግን ከሐሙስ ቀደመ። ሰኞ አርፋ፣ ወይጦ ወንዝ ሞልቶ ወደ ጂንካ የሚያመጣው መንገድ ተቆርጦ ስለነበር፣ ማክሰኞ እዚያው አርባ ምንጭ ተቀበረች። ሐና የቀበሌው ሊቀ መንበር ጥላሁን ዘንድ ስልክ ደውላ ነገረችው። የእድሩ ሰዎች በደንቡ መሠረት፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ ሊያረዱት ተስማሙ።

ረቡዕ ገና ሲነጋ ሰባት ሰዎች ግቢው ገቡ። ወልደ ጊዮርጊስ ፊቱን እየታጠበ ነበር።

«ደቦው እኮ ሐሙስ ነበር» አለ እየሳቀ። «ቀን ተሳስታችኋል።»

ሰባቱም እርስ በርስ ተያዩ። እሱ ሐፍረት መሰለው።

«ግድ የለም፣ ይሄ ያጋጥማል። ዛሬ ከጨረሳችሁልኝ ነገ ታርፋላችሁ።» ጓዳ ገብቶ ሁለት ዶማ፣ ሁለት መቆፈሪያና አንድ ገጀራ አውጥቶ አደላቸው።

መጀመሪያ ዶማ የተቀበለው ሻንቆ ነው። ሻንቆ የአጥር ጎረቤቱ፣ እዚያው አሪ አገር ተወልዶ አሪ አገር ያረጀ ገበሬ ነው፤ ዶማ ሲዘረጋለት አልቀበልም ማለት በሕይወቱ አልሞከረም። እሱ ሲቀበል ሌሎቹም ተቀበሉ። ባዶ እጃቸውን የቀሩት ሁለቱ አረም መንቀል ያዙ።

መርዶ የሚናገረው ትልቅ ሰው ነው። ከሰባቱ ትልቁ ሻንቆ ነበር። ኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ሙዙ ሥር ጎንበስ ብሎ ጥላሁንን «አንተ ተናገር» ብሎታል። «የእኔ አማርኛ የገበያ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አይችልም።»

«እርስዎ እያሉ እኔ ልጁ?»

«አንተ ሹም ነህ።»

«ይሄ በሹመት አይደለም፣ አባባ።»

ወልደ ጊዮርጊስ ከኋላቸው መጣ። «ጓድ ጥላሁን፣ መሬቱ ስብሰባ አይደለም፤ በወሬ አይከፈትም። ጠለቅ አድርገው።»

ጥላሁን ጠለቅ አደረገው። ላብ አጠመቀው። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና «ጋሽ ወልዴ፣ ዛሬ የመጣነው…» ሲል፣ ወልደ ጊዮርጊስ «አውቃለሁ፣ ቁርስ ሳትበሉ ነው። ይደርሳል» ብሎ አቋረጠው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት መደብ ተቆፈረ፣ የሙዙም ደረቅ ቅጠል ተቆረጠ። ወልደ ጊዮርጊስ ከመደብ መደብ እየተዘዋወረ፣ አንዱን መስመር ጠመመ፣ አንዱን ጓል ቀረ እያለ ጥሩ አሠሪ ሆነ። ከችግኙ መደብ ሲደርስ ከሰባቱ አንዷ፣ የሺሀረግ የምትባለው ጎረቤቱ፣ ተቀምጣ ሽንኩርት ትነቅላለች። እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል።

«የሺ፣ ይሄ እኮ ገና ችግኝ ነው» አላት። «ይህን ያህል አያስለቅስም።»

ቀና አላለችም። ዞሮ ሲያይ ሁሉም ሥራ አቁሟል። ሻንቆ ኮፍያውን አውልቋል። በሃያ ዓመት ጉርብትና ሻንቆ ያንን ኮፍያ ለጸሎት ካልሆነ ሲያወልቅ አይቶት አያውቅም።

«ጥሩነሽ ናት?» አለ።

«እሷ ናት» አለ ሻንቆ።

የገበያ አማርኛው ለዚህ በቃ።

ለቅሶው ሰፊ ነበር። ጥሩነሽ ችግኝ ያልሰጠችው ቤት ስለሌለ ከተማው ሁሉ መጣ። ድንኳኑ ደጁን ሞላ፣ ሰው ወደ ጓሮ ተረፈ፤ ሦስቱ መደቦች በሦስት ቀን ተረግጠው እንደ አውሮፕላን ሜዳው ሆኑ። ደቦው እንዳልነበረ ሆነ።

በሳምንቱ ወንዙ ሲጎድል ሐና ደረሰች። ከእናቷ ልብስ ጋር ያመጣችው አንድ ወረቀት ነበር። ጥሩነሽ ደብዳቤውን አልጋ ላይ ሆና አስነብባ፣ ሆዷን ይዛ ስቃ፣ መልሱን በሐና እጅ አስጽፋ ኖሯል። ሐና አነበበችለት።

«መቶ በመቶ ስትል አንድም እንዳልነካህ ገባኝ። ነክተህማ ቢሆን ኖሮ ወገቤን ብለህ ትጽፍ ነበር። አሁን ደቦ ሳታስብ አትቀርም። ሰው እንዳታስቸግር፤ ሰው ሥራ የበዛበት ጊዜ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አድርግ። ጎመኑን አስቀድም።»

ወልደ ጊዮርጊስ ሰምቶ ሲጨርስ «ወገቤን ልል ነበር» አለ። «ረስቼው ነው።»

በማግሥቱ አርባዋ ሳይደርስ ያንን የራሱን ደብዳቤ እውነት ለማድረግ ተነሣ። ሐዘንተኛ ግን ሥራ አይነካም። የሺሀረግ፣ ዶማ ይዞ ስታየው፣ ሮጣ ቀማችው።

«ሰው ምን ይላል፣ ጋሽ ወልዴ? ጎረቤት የላቸውም ይበሉን?»

«አንድ መደብ ብቻ ነው፣ የሺ።»

«ግማሽም አይነኩም። ይግቡና ይቀመጡ።»

ዕድሜ ልኩን ከሥራ ሲደበቅ የኖረ ሰው አሁን ለሥራ መደበቅ ጀመረ። የሺሀረግ ሳትነቃ ገና ሲነጋጋ ይነሣል፤ ዶማውን ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ፣ እያሳለ ለእዳሪ እንደሚወጣ ሰው ወደ ጓሮ ይዞራል። የሺሀረግ ለሐና «አባትሽን ሆዳቸውን አሟቸዋል መሰለኝ፣ ጠዋት ጠዋት ይመላለሳሉ» አለቻትና የፌጦ ውኃ ላከችለት። መሸሸጊያው እንዳይነቃበት ጠጣው። ሻንቆ በምሥራቁ አጥር ክፍተት ሁሉንም ያያል፤ አይቶ ግን ጀርባውን ይሰጣል። አንድ ቀን ከክፍተቱ አጠገብ አንድ ሸክም የስኳር ድንች ሐረግ ተቀምጦ ተገኘ። ማን እንዳስቀመጠው አልተጠየቀም።

ጎመኑ መደብ በመደብ ተቆፈረ። ከለቅሶው እግር የተረፈው ሽንኩርት ተዛወረ። የስኳር ድንቹ ሐረግ ተተከለ። የቡናው ሥር በየቀኑ ሁለት ሁለት ዛፍ እየተባለ ጸዳ። አንድ ጠዋት መሬቱ ርሶ፣ ዶማው እየሰመጠ፣ ሥራው ጣመውና ሁለተኛ መደብ ሊጀምር ዶማውን አነሣ። ትንሽ ቆመ። ከዚያ ዶማውን አስቀምጦ እጁን ታጥቦ ገባ።

የአርባዋ ዕለት ሰው በልቶ ሲወጣ ጥላሁን ጓሮውን ዞሮ አየ።

«ማን ሠራው?» አለ።

«የሆድ ሕመም» አለ ሻንቆ።

የሺሀረግ ወልደ ጊዮርጊስን ቀና ብላ አየችው። እሱ ጎመኑን አየ።

«መቶ በመቶ ነው፣ ጋሽ ወልዴ» አለ ጥላሁን።

«አይደለም። ሁለት ሥራ ይቀራል።»

«እሱንማ ሐሙስ መጥተን እናነሣልዎታለን።»

«ደቦ አትጥራ ተብያለሁ» አለ ወልደ ጊዮርጊስ።

በዚያ ወቅት ከአውሮፕላን ሜዳው የመጣች አንዲት ላም በአጥሩ ክፍተት አንገቷን አስገብታ ታያቸው ነበር። ሥራው ነውና ሄዶ አባረራት።

ጎደሬው ገና አልታረመም። የምሥራቁም አጥር አልተደፈነም።