ባዘዘው የሣላት አልቃሻ ልጅ

ባዘዘው ካዚኖ ውስጥ አምፖል ይቀይራል፣ ቧንቧ ይጠግናል፤ ከሥራ ኦፍ ሲሆን ደግሞ ሥዕል ይሥላል። የሚሥለው ሕፃናትን ብቻ ነው፤ ያውም ጉንጫቸው ላይ እንባ የቀረባቸውን። የካዚኖው ሆቴል መኝታ ክፍሎች ውስጥ የተሰቀሉትን አይቶ ነው የጀመረው። እኔ በበኩሌ አልወድለትም። በየቤታችን የሚያለቅስ ልጅ ሞልቶ ሳለ ግድግዳ ላይ ደግሞ መጨመር ምን ይሉታል?

በቅርቡ የስምንት ዓመት ልጁን ምሥጋናን አቁሞ ሣላት፦ የተቀደደ ቀሚስ ለብሳ፣ የተሰበረ ሳህን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ። አምጥቶም ቸርቻችን ውስጥ የልጆች ክፍል ሰቀለው። ሰው ሁሉ ልጅቷን ለያት። እኛ ደግሞ ሥዕል ማየት መቼ እናውቃለን? ገና ጸሎቱ ሳያልቅ “እነ ባዘዘው ቤት ሰላም የለም” ተባለ። አንዷማ ወጥ ሠርታ በራቸውን አንኳኳች።

በሩን የከፈተችው ሚስቱ ኤልፍነሽ ናት። ልጇን አንቀባርራ የምታሳድግ ሴት ለልጇ የሰው ወጥ ሲመጣላት አስቡት! ሥዕሉን አውርዳ ቤት አመጣችውና “ካልቀደድከው አላናግርህም” አለችው። ባዘዘው ሞቼ እገኛለሁ አለ። ስምንት ቀን ተኳረፉ።

እኔና የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ወንድይራድ ለሽምግልና ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባለው መንገድ ላይ ወዳለው አፓርታማቸው ሄድን። ፓርክ የምናደርግበት አጥተን ሃያ ደቂቃ ዞርን። ገብተን ጋሽ ወንድይራድ ረጅም ጸሎት ጸለየና ወደ ሥዕሉ እያመለከተ ጠየቀ።

“በሉ እስቲ፣ ይህቺ ልጅ ለምንድን ነው የምታለቅሰው?”

ምሥጋና ከክፍሏ ብቅ አለች።

“እኔ አላለቀስኩም። ዳዲ ዶናት ሰጠኝ፣ ሃፒ ነበርኩ። እሱ ነው ያለቀሰው፣ ፔይንት ሲያደርግ።”

ለተግሣጽ ተዘጋጅቶ የነበረው ጋሽ ወንድይራድ ወደ ባዘዘው ዞረ። ባዘዘው መሬት መሬት ያያል።

“የያዘችው የእንጀራ እናቴ ሳህን ነው” አለ በመጨረሻ። “ሰባት ዓመቴ ነበር። አንተ ነህ የሰበርከው ብላ ሁለት ቀን ምግብ ከለከለችኝ።”

የሚያጽናና ጥቅስ ስፈልግ ኤልፍነሽ ቀደመችኝ።

“አንተ ነህ የሰበርከው?”

“አይደለሁም።”

“አምንሃለሁ” አለችው።

የሃምሳ ሁለት ዓመቱ ሰውዬ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ማናችንም ዝም በል አላልነውም።