አንቱ ያልኩት አባት

ጎረቤቴ ግቢውን ሊያጥር የጽድ ቋሚ አምጥቶ ደጃፌ ላይ ቆልሎታል። ሌሊቱን ካፊያ ነክቶት ኖሮ ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው ፊት ለፊት ተቀበለኝ። ይህን ሽታ የሚወድ ሰው ብዙ ነው። እኔ ጥርሴን ነክሼ አለፍኩት። እርጥብ ጽድ በሸተተኝ ቁጥር በአዳማ ፀሐይ መሃል ቆሜ እግሬ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ንዴቱ ይከተላል።

መሥሪያ ቤት ያሉት ወጣቶች ደግሞ አሁን አሁን ተራራ መውጣት ይዘዋል። ሳምንቱን ሙሉ ሞጆ ደረቅ ወደብ የኮንቴይነር ሰነድ ስናገላብጥ እንከርምና አርብ ሲደርስ «እሑድ ሀይኪንግ አለ፣ ለምን አትመጪም?» ይሉኛል። ጫካ ገብተው ዛፍ አቅፈው ፎቶ ይነሳሉ። ደስ ይበላቸው። እኔ አልሄድም። ምክንያቱን ለእነሱ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ እኔ አፌን ሳልፈታ ነበር ጥሎን መተሐራ የገባው። እዚያ ሸንኮራ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል፣ ሚስት አግብቷል፣ ልጆች ወልዷል ሲባል እንሰማለን፤ ከእሱ አፍ ግን ሰላምታ እንኳ ደርሶን አያውቅም። በአንድ መስከረም መጥቶ በራችንን አንኳኳ። ፀሐይ ያከሰለው ቀጭን ሰውዬ፣ ኮቱ ሰፍቶት፣ አንድ እሽግ ብስኩት ይዞ። እናቴ ወንበር ሳበችለት። እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩና «ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ነዎት?» አልኩት።

ነገሩ ይግባችሁ። እኛ ሰፈር ልጅ አባቱን አንተ ነው የሚለው። አንተ የምትሉት ትከሻው ላይ የተሸከማችሁን፣ ተኳርፋችሁ የታረቃችሁትን፣ ኪሱን የበረበራችሁትን ሰው ነው። አንቱ የሚባሉት የንስሐ አባታችን፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተርና አከራያችን ነበሩ። አባቴን አስቤበት ከአከራያችን ጎን አስቀመጥኩት። ልሰድበው አልችልም፤ እናቴ አትምረኝም። በአንቱታ ግን ማን ይቆጣኛል? እናቴ ነገሩ ገብቷት ከንፈሯን ነከሰችብኝ፤ እኔም ባሰብኝ። «ይቀመጡ። ሻይ ይጠጡ። ስኳር ይበቃዎታል?»

ሊወስደኝ ነበር የመጣው። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁት። «እዚያ ቤት አለኝ፣ ትምህርት ቤቱም ደህና ነው፣ አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ» አላት። እናቴ «እሷ ትወስን። መጀመሪያ አንድ ቀን አብራህ ትዋል» አለችው። የእኔ መልስ የታወቀ ነበር። ያስፈራኝ የእናቴ ነው። በነጋታው ልብሴን በሙሉ፣ የማልለብሰውን ሹራብ ሳይቀር፣ አጥባና ተኩሳ አልጋው ላይ ደረደረችው። አንዲት እናት የልጇን ልብስ እንዲያ አጣጥፋ የምታስቀምጠው ለምንድን ነው? እንዳልጠይቃት መልሱን ፈራሁ። ሁለቱንም በአንድ ላይ ጠላኋቸው።

ሰው ልጁን ማስደሰት ሲፈልግ ሶደሬ ይወስዳታል፣ ወይ ኬክ ቤት ያስገባታል። የእኔው «ያደግሁበትን ጫካ ላሳይሽ» አለኝ። ሁሩታ ነው የተወለደው። በአሰላ መንገድ በሚኒባስ ሄድን፣ ከሁሩታ ባጃጅ ያዝን፣ መንገዱ ሲያልቅ በእግር ወደ ላይ። ከገብሱ ማሳ በላይ ጥብቁ ደን ይጀምራል። እኔ የአዳማ ልጅ፣ ብርድ ምን እንደሆነ የማላውቅ፣ በነጠላ ጫማና በስስ ቀሚስ ነበርኩ። ብርድ አለ ብሎ የነገረኝ የለም።

ውስጡ ጨለም ያለ ነበር። ጉሙ በዛፎቹ መሃል እንደ ጭስ ይሄዳል፤ ከቅርንጫፎቹ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ውሃ ያንጠባጥባል፤ መሬቱ የበሰበሰ ቅጠል ነው፣ እግሬ በረገጠ ቁጥር ጭቃው በጣቶቼ መሃል ይወጣል። በዚያ ሁሉ ላይ ያ የጽድ ሽታ። ላዩ ላይ ጉሬዛዎች እየጮሁ ይዘላሉ፤ የሚስቁብኝ መሰለኝ። እሱ ከፊቴ እየሄደ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። «ይኸውልሽ ዝግባ። ይኼ ኮሶ። ይኼንን ደግሞ ልጅ ሆኜ እወጣበት ነበር።» «ጥሩ ነው» እላለሁ። ስለ ዛፉ ይህን ያህል ካወራ ስለ እናቴ አንድ ቃል ምነው ጠፋው እያልኩ በሆዴ እሰድበዋለሁ።

ኮቱን አውልቆ ዘረጋልኝ። «ይልበሱት፤ ይበርድዎታል» አልኩት ጥርሴ እየተንገጫገጨ። ኮቱን መልሶ አልለበሰውም፤ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎት ሄደ። እርስዎ ባልኩት ቁጥር አንገቱን ትንሽ ዘንበል ያደርጋል፣ ሩቅ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው። ሕመሙ እንደተሰማው ቆጠርኩት፤ ደስ አለኝ።

አንዲት ምንጭ ጋ ደረስን። የጫማዬ ማሰሪያ ተበጥሶ ነበርና የውሃውን ጠርሙስ አቀበልኩት። «ይያዙልኝ እስኪ፣ ጫማዬን ላስተካክል።» ይህን ስል ሰው መኖሩን አላየሁም። ከግንድ ጀርባ አሮጌ ካፖርት የደረበ፣ ዱላ የያዘና አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ብቅ አለ። የደኑ ጠባቂ ነው።

«አካም ጅርቱ?» ተባባሉ። በኦሮምኛ ስለ ሁሩታ፣ ስለ ዝናቡ ተጨዋወቱ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ አየና በአማርኛ «ይቺ ማን ናት?» አለ።

«ልጄ ናት።»

«ልጅህ?» ፈገግታው ጠፋ። «አሁን ይያዙልኝ ስትልህ ሰማሁ። ልጅ አባቷን አንቱ ትላለች እንዴ? የእኔዎቹ ሁሉም አንተ ነው የሚሉኝ።»

ሽማግሌው ዱላውን በሁለት እጁ ያዘ። «ባለፈው ሰሞን ከታች መንደር አንዲት ልጅ ጠልፈው በዚሁ ነው ያሳለፏት። ያኔ የነበረው ጠባቂ ዝም አለ። እኔ ዝም አልልም።» ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ «ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ነይ ወደዚህ። አትፍሪ። ይኼ ሰውዬ ምንሽ ነው?» አለኝ። ፊሽካውን ወደ ከንፈሩ አስጠጋ። ከታች ሣር የሚያጭዱ ጎረምሶች ድምፅ ይሰማል፤ ማጭድ ይዘዋል። ፊሽካው ከተነፋ ልጅ ጠላፊ ተብሎ ከእነሱ እጅ በደህና የሚወጣ ሰው አልነበረም። ይህ ለሁላችንም ግልጽ ነበር።

አባቴን አየሁት። ቢለምነኝ፣ «ንገሪው እንጂ ልጄ» ቢለኝ፣ ምን እንደምል እኔ አላውቅም። አልለመነኝም። ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጠና ለሽማግሌው «እሷ ያለችው ነው» አለ።

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ምንም ሳይሸከምልኝ ኖሮ፣ በዚያ ብርድ መሃል አባትነቱን አንስቶ እኔ ላይ ጫነው።

«አባቴ ነው» አልኩ።

«ናቸው» ብል ኖሮ ሽማግሌው ፊሽካውን ይነፋ ነበር፤ ስለዚህ «ነው» አልኩ። ለሽማግሌው ብዬ ነው እንጂ ለእሱ ብዬ አይደለም፤ ይህን ያኔም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።

«ታዲያ አንቱን ምን አመጣው?»

«ተጣልተን ነው።»

ሽማግሌው መጀመሪያ አላመነኝም፤ ከአንዳችን ወደ አንዳችን አየ። ከዚያ በረጅሙ ሳቀና ፊሽካውን ለቀቀው። «ታረቁና ውረዱ» አለን። ለማንኛውም ብሎ ነው መሰለኝ እስከ ገብሱ ማሳ ድረስ ከኋላችን ተከተለን።

አባቴ ከፊቴ ይወርዳል፤ አንድ ጊዜም አልዞረም። ደስ ብሎት ይሆናል ብዬ ስጋት ያዘኝ፤ ማሳው ጋ እንደደረስን ቸኩዬ «ባጃጁ በየት በኩል ይገኛል ነው ያሉት?» አልኩት። አንገቱን ዘንበል አደረገ። «በዚህ ነው» አለኝ።

በሚኒባሱ ውስጥ ጥያቄውን ጠበቅሁ። «አልመጣም፤ እርስዎን አላውቅዎትም» የሚለውን መልሴን ስስለው ነበር የከረምኩት። ዴራን አለፍን፣ ሙቀቱ ተመለሰ፣ እግሬ ላይ ያለው ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። አልጠየቀኝም። ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆሞ እናቴን «እዚሁ ትሁን» አላትና ሄደ። መልሴ ሳልናገረው ቀረ። እናቴ ገባችና የተጣጠፈውን ልብስ አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ መለሰች። ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ መዋሏን ያኔ ነው ያየሁት። «ለአንቺ ይሻላል ብዬ ነበር» አለችኝ። እሷን በዚያው ምሽት ይቅር አልኳት።

እሱ በየበዓሉ ይደውል ነበር። «እንኳን አደረሰዎት» እለዋለሁ። «አሜን ልጄ» ይላል፤ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። እንዲህ ሆነን ኖርን። ያችን «ነው» አንድም ቀን አላነሳትም።

አምና ከመተሐራ የደወለልኝ የማላውቀው ወጣት ነው። «አባባ ዐረፉ» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሙቀቱ ያፍናል፤ ነፋሱ የተቃጠለ የሸንኮራ ቅጠል ሽታ ያመጣል። ሰው የምሸኘው ግዴታዬን ለመወጣት ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ተቀምጫለሁ። ጥቁር የለበሰች ልጅ ውሃ አምጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። አገጯ የእኔ ነው።

«የአዳማዋ እህታችን እርስዎ ነዎት?»

«አንቺ በይኝ እንጂ። እህትሽ አይደለሁም?»

«አይሆንም፤ አባባ አይወዱም» አለች። መሞቱ ገና አልገባትም። «እኛ አባባንም አንቱ ነው የምንላቸው። ትንሽ ሆነን አንተ ስንል ይቆጡ ነበር። ‹የአዳማዋ እህታችሁ አንድም ቀን አንተ ብላኝ አታውቅም፤ እሷን የመሰለ ጨዋ ልጅ የለኝም፤ ከእሷ ተማሩ› ይሉናል።»

ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቀረሁ። በድንኳኑ መሃል ልስቅ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የወረወርኩበትን ድንጋይ ለቅሞ ለልጆቹ ቤት ሠርቶበታል። ወይ ምንም አልገባውም፣ ወይ ደግሞ ሁሉም ገብቶታል፤ የቱ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አሁን ሳጥን ውስጥ ነው።

ቀብሩ ላይ ልጅቷ ክንዴን ይዛኝ ቆመች። አፈሩ መውረድ ሲጀምር ጎንበስ አልኩ።

«አንተ ታውቅ ነበር፣ አይደል?» አልኩት።

ልጅቷ ደንግጣ ቀና ብላ አየችኝ።