የግራ ጆሮ ሦስት ጉትቻዎች

ባለፈው ሳምንት የአክስቴን ትንሽ ልጅ ጆሮ ለማስበሳት ሄይዋርድ ሞል ሄድን። ሠራተኛዋ ጥጡን አልኮል ነክራ የልጅቷን ጆሮ ስትጠርግ ሽታው መጣብኝ፤ ሳላስበው የራሴን ግራ ጆሮ ያዝኩ። ኦክላንድ የነበረችው ያቺ ክፍል፣ በመጋረጃው የሚገባው ቢጫ ብርሃን፣ ከታች የሚያልፈው የአውቶቡስ ድምፅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣ።

አሜሪካ በገባሁ በዓመቱ ነበር። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ብዙ ምርጫ አልነበረኝም፤ አክስቴ አንዲት ቻይናዊት አሮጊት እንድጠብቅ አስቀጠረችኝ። «ዝም ማለትማ ታውቂበታለሽ፤ ለእሳቸው ትሆኛለሽ» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። ሰው ፊት አፌን መክፈት ሞት ይመስለኝ ነበር።

አሮጊቷን እማማ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ልጄ ይሉኛል። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርባሪ ስለነበር አንተፋፈርም። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ኩፐርቲኖ ኮምፒውተር ካምፓኒ ውስጥ የምትሠራ፤ እሑድ ከሰዓት ትመጣለች።

አንድ ቀን ፀጉራቸውን ሳበጥር በመስታወቱ ውስጥ ጆሮዬን አዩት። ሁለት ቦታ የተበሳ ነው።

«ማን በሳሽ?»

«እናቴ። በመርፌ።»

እጄን ይዘው ግራ ጆሯቸው ላይ አኖሩት። ከቀዳዳው በላይ የጎመን ዘር የሚያካክሉ ሁለት ጠባሳዎች ነበሩ።

ታሪኩን በብዙ ቀን፣ በቁርጥራጭ ነው የነገሩኝ። እማማ ማንቹ ናቸው፤ የድሮዎቹ የቻይና ነገሥታት ወገን። ማንቹ ሴት በእያንዳንዱ ጆሮዋ ሦስት ጉትቻ ታደርጋለች፣ ሌሎቹ ቻይናውያን አንድ ብቻ። አያታቸው ትልቅ ሹም ነበሩ። «ማንቹ ቀስትና ፈረስ እንጂ ብዕር ምን ያውቃል» እየተባለ ሲቀለድባቸው ከባዱን የመንግሥት ፈተና አልፈው አገረ ገዥ እስከመሆን ደረሱ። ከዚያ አንድ የቤተ መንግሥት ባለሟል ሕዝቡን እንደሚዘርፍ ለንጉሡ ጻፉ። እውነት ነበር፤ ግን የሹመታቸው ምልክት የሆነው ፈርጥ ከባርኔጣቸው ተነቅሎ ወደ ጠረፍ ተጋዙ። ምሕረት አግኝተው ሲመለሱ አርጅተዋል። ያኔ ነው የልጅ ልጃቸውን ያገኟት። ማታ ማታ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ግራ ጆሮዋን እየነኩ በማንቹ ቋንቋ ይቆጥሩላት ነበር፤ «ኧሙ፣ ጁወ፣ ኢላን።» አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጣታቸው የቀለም ሽታ ነበረው።

ከዚያ ንጉሡ ወደቀ። በከተማቸው ማንቹ እየተለቀመ ይገደል ጀመር፤ ሴቶቹን በጆሯቸው ይለዩዋቸው ነበር። እናትየዋ ከትንሿ ልጇ ጆሮዎች ሁለት ሁለቱን ጉትቻ አውልቃ ብርድ ልብስ ጠርዝ ውስጥ ሰፋች፤ የቻይና ስምም አወጣችላት። ሽማግሌው ግን «በዚህ ስም ተሹሜበታለሁ፣ ተሽሬበታለሁ፤ በዚሁ እሞታለሁ» ብለው አልሸሽም አሉ። ሊለያዩ ሲሉ ልጅቷን አቅፈው እንደ ልማዳቸው ጆሮዋን ነኩ።

«ኧሙ» አሉ።

ጣታቸው ሌላውን ፈለገ፣ አጣ። አልቀጠሉም።

«አያቴ አንድ ብሎ ቆሞ ቀርቷል» አሉኝ እማማ። «እዚያኛው ዓለም ስሄድ ቆጥሮ ይጨርስ። ጆሮዬን ብሺልኝ።»

«ልጅዎ ታውቃለች?»

«አልነገርኳትም። በኋላ ኮሚኒስቶቹ ሲመጡም የሹም ዘር መሆን መከራ ነበር። ያላወቀችውን አያስለፈልፏትም ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝምታው ለመደብኝ።»

ፈራሁ። ቢያመረቅዝስ፣ ሥራዬን ባጣስ እላለሁ። እሳቸው ግን በየቀኑ እየከሱ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት መርፌውን በአልኮል ጠርጌ፣ ከጆሯቸው ጀርባ የድንች ቁራጭ ደግፌ ወጋሁ። ዓይናቸውን አላርገበገቡም። የቀኙን ጆሮ ጉትቻዎች በስደት መንገድ ለሩዝ ሸጠዋቸዋል፤ የግራዎቹ ሦስቱ ግን ነበሩ፣ ምስር የሚያካክሉ አረንጓዴ ድንጋዮች። የመጨረሻውን ሳስገባ በሩ ተከፈተ። ልጃቸው የዚያን ቀን ቀድማ መጣች።

ደም የነካውን ጥጥ አየች። «እናቴን ምን እያደረግሻት ነው?»

መርፌውን ጥጡ ላይ አስቀመጥኩ። እማማ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ከልለው በቻይንኛ ብዙ ነገሯት፣ ቀስ ብለው። አንድም ቃል አልገባኝም። ልጅየዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ሳታየኝ «ሂጂ፣ ከእንግዲህ አትምጪ» አለችኝ።

የዚያ ዓመት ዝናብ ሲጀምር ልጅየዋ ለአክስቴ ኮል አድርጋ የእማማን ማረፍ ነገረቻት፤ እኔም እንድመጣ ጠየቀች። ሽኝቱ ሳን ሆዜ ነበር። ሣጥኑ ክፍት ነው፣ ሰው ተሰልፎ ያያቸዋል። ከሰልፉ ሆኜ የሚታየኝ ባዶው ቀኝ ጆሯቸው ብቻ ነበር። ልጃቸው ከግራውም አውልቃቸዋለች ብዬ አዘንኩ።

ተራዬ ሲደርስ ልጅየዋ ክንዴን ይዛ ወደ ሌላው ጎን ወሰደችኝና ፀጉራቸውን ገለጥ አደረገችው። ሦስቱም ነበሩ።

«ይቆጠራል ብላኝ ነበር» አለች። «እንዴት እንደሚቆጠር ስጠይቃት ደክሟት ነበር። እሷ ታውቃለች አለችኝ፣ አንቺን ማለቷ ነው።»

ሰው ሁሉ ያየኛል። ጣቷን ይዤ የታችኛው ላይ አኖርኩት።

«ኧሙ» አልኩ። ደገመችው። «ጁወ።» ደገመችው።

«ኢላን» ስል ድምፄ አዳራሹ ውስጥ ተሰማ። እሷ ሦስተኛውን መድገም አልቻለችም። ጣቷ ግን እዚያው ቆየ።