አዳራሹ ያጨበጨበለት ፊልም

ደቡብ አፍሪካ፣ ዲፕስሉት የሚባል ሰፈር ያለችው ሱቄ ከፊቷ የብረት ፍርግርግ አላት። ዳቦውም ዘይቱም የሚያልፈው በአንዲት ጠባብ መስኮት ነው። ሴት ልጄ ፍርግርጉን ትጠላዋለች። "አባዬ፣ ሰዉ የሚያውቀው እጅህን ነው፤ ፊትህን አያውቀውም" ትለኛለች። ብዙ ተከራክረን በመጨረሻ እሺ አልኳት። በያጁ ሰኞ መጥቶ ሊያነሳው ተቀጠረ።

እሁድ ከቸርች ስንመለስ በሰፈሩ አዳራሽ ፊልም እንድናይ ለመነችኝ። ያዘጋጀችው እሷ ናት፣ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ሆና። ጥቁር አሜሪካውያን የሠሩት የድሮ ፊልም ነው። ረጅም የቆዳ ካፖርት የለበሰ ሰው፣ ወንድሙን የገደሉበትን የዕፅ ነጋዴዎች እያሳደደ ይገድላል። ብልግናውና ደሙ በዝቶብኝ አንገቴን ደፋሁ። ሽጉጥ ፍትሕ አያመጣም እያልኩ ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ሆኖም ጉቦኛውን ፖሊስ በጥፊ ሲያጮለው እኔም አጨበጨብኩ። እንዲህ ያለ ፖሊስ አውቃለሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ደንበኛዬ ናቸው፤ ሰፈሩ ጎጎ፣ አያቴ እንደማለት፣ ይላቸዋል። በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

"ማይ ፍሬንድ፣ ለካ ትስቃለህ።"

እዚህ መጤ ባለሱቅን ሁሉ የሚጠሩት እንዲህ ነው። ደስ አለኝ።

ቀጥሎ የፊልሙ ባለካፖርት አንድ ሱቅ ገባ። ባለሱቁ ከሌላ አገር የመጣ፣ አነጋገሩ የሚኮላተፍ፣ ለነጋዴዎቹ ዕፅ የሚደብቅ ነው። ባለካፖርቱ አንገቱን ይዞ ከባንኮኒው ጀርባ ጎትቶ አወጣውና ሱቁን ለሰፈሩ ሰው ለቀቀው። ሰዉ እየተጋፋ መደርደሪያውን አራገፈ። አዳራሹ በፉጨት ተናወጠ።

"ጎጎ፣ የማይ ፍሬንድን ዱቄት እርስዎ ይውሰዱ፤ ዘይቱን ለእኔ ይተዉልኝ" አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ።

ሁሉም ሳቀ። ጎጎም እየሳቁ አጨበጨቡ። ከዚያ እኔን አዩኝና እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"ፊልም እኮ ነው" አሉኝ።

"አውቃለሁ፣ ጎጎ።"

ጎጎ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን የጠላው ሰው ሲመታ ያጨበጨበ፣ ተራው ሲደርስ ማንን ይወቅሳል? እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ፊልሙን የመረጠችው ልጄ ናት፤ ያንን ሱቅ ከእኛ ሱቅ ጋር አላያያዘችውም ነበር። እስኪያልቅ ድረስ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሰኞ በያጁ መቁረጫውን ይዞ መጣ። ልመልሰው ብድግ ስል ቀደመችኝ። "ይቅር፣ ሐሳባችንን ቀይረናል" አለችው በዙሉ። ክርክሩን እኔ ረታሁ ማለት ነው። ምነው በተረታሁ።

ጎጎ ዳቦ ሊገዙ መጡ። በመስኮቷ አቀበልኳቸው። እጄን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ፤ ፊታቸውን ግን አላየሁም።