እማዬ እጄን ያሰረች ዕለት

አዳማ ውስጥ በየሠርጉና በየልደቱ ምትሃት እያሳየሁ ነው የምኖረው። እዚሁ አቅራቢያ ደራ ከተማ ላለ አንድ ትምህርት ቤት የወላጆች በዓል፣ ታስሬ ከገመድ ላመልጥ ቃል ገባሁና ከስልኬ ቪዲዮ እያየሁ መለማመድ ጀመርኩ። ዘዴው ይኸው ነው፦ ሲያስሩህ ጡጫህን ጨብጠህ እጅህን ታሳብጣለህ፤ አስረው ሲጨርሱ ዘና ስታደርገው ገመዱ ይላላል።

ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ቤቱ በሙቀት ታፍኗል። የሚያስረኝ ሰው ሳጣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ። የትራስ ልብስ እየሰፋች ነበር።

«እማዬ፣ እስቲ እጄን የኋሊት እሰሪኝ።»

ፊቷ ጠቆረ። «ሌላ ጨዋታ አጣህ?»

«ሥራዬ እኮ ነው!»

ብዙ ለመንኳት። በመጨረሻ መርፌዋን ትራሱ ላይ ሰክታ ተነሳች። ግራ ይገባታል ብዬ ስጠብቅ፣ ገመዱን ሁለቴ አዙራ በመሃል አሳለፈችና ሸምቀቅ አደረገችው። ቀስ ብዬ ጡጫዬን ጨበጥኩ።

«እጅህን አታሳብጥ» አለችኝ። «አባትህም እንዲህ ነበር የሚያታልለኝ።»

አባቴ ሕፃን ሳለሁ መተሃራ ሸንኮራ ሊቆርጥ ሄዶ እንደቀረ ነው የማውቀው።

«አባቴን ታስሪው ነበር?»

«አእምሮው ሲታወክ እየሮጠ መኪና ስር ይገባብኝ ነበር። ምን ላድርግ?»

እጄን ሳትፈታልኝ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ከኋላዬ ስለሆነች ፊቷ አይታየኝም።

«መተሃራ አልሄደም ማለት ነው? እንዴት አመለጠሽ ታዲያ?»



«አላመለጠኝም» አለች። «በጣም ደክሞኝ ነበር። እጁን ሲያሳብጥ እያየሁ ዝም አልኩት።»