ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ቅጂ

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በተከራየሁት ቤዝመንት ውስጥ ቪዲዮ ኤዲት አደርግ ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከላይብረሪ በተዋስኳቸው መጻሕፍትና በመሳሳት ነው የተማርኩት። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ልደት አነሳለሁ። ደንበኞቼ ሁሉ ማለት ይቻላል ሁለት ቅጂ ይፈልጋሉ፤ አንዱ እዚህ ይቀራል፣ አንዱ አገር ቤት ይላካል። ከሚላከው ላይ የቢራ ጠርሙስና አጭር ቀሚስ ማውጣት የተለመደ ሥራዬ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት ሁለት ሴቶች ግን እንዲወጣ የፈለጉት ሰው ነበር። ሁለቱም የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። አንዲት ልጅ አብረው ያሳድጋሉ፤ ሕፃኗን የወለደቻት አንደኛዋ ናት። ሌላኛዋም እናቷ መሆኗን ዳኛ ፈርሞ ያጸደቀው ልጅቷ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሳምንት ሲቀራት ነው። ልደቱንና የዳኛውን ወረቀት አንድ ላይ አከበሩ፤ ያነሳሁትም እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ያሉት አያት፣ የወለደቻት ሴት እናት፣ ግን የሚያውቁት ልጃቸው ከሩምሜት ጋር ቤት ተጋርታ እንደምትኖር ብቻ ነው። ልባቸውን ያማቸዋል፤ የልጅ ልጃቸውን በቪዲዮ እንኳ ልይ ብለው ለምነዋል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ስጠብቅ ከቪዲዮው የምትወጣዋ ብቻዋን መጣች። ወላጇ እናት ሥራ ገብታለች አለችኝ፤ ብትመጣም ከማልቀስ በቀር አትረባም።

አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ኬኩ ሲቆረስ እሷ እንዳትታይ ምስሉን አጠበብኩት።

"ክርኔ ቀርቷል" አለችኝ።

እንደገና አጠበብኩት። ግድግዳው ላይ ያለው መስታወት ውስጥ ጀርባዋን እኔ ሳላየው እሷ አገኘችው። ልጅቷ "ማሚ" እያለች ወደሷ ስትሮጥ ድምፁን በሙዚቃ ሸፈንኩት። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን።

"ሙያስ አለህ" አለችኝ። "ዳኛው የእናትነት ግሪን ካርድ ሰጠኝ፣ አንተ ዲፖርት አደረግከኝ።"

እኔም እናቴ ስትደውልልኝ ስሙን የማላነሳው ሰው ነበረኝ። ይህንን አጠገቤ ለተቀመጠችው ልነግራት ፈልጌ ነበር። በዚያ ፈንታ ምስሉ ቀና መሆኑን ደግሜ አየሁ።

መጨረሻ ላይ አሥር ሰከንድ ቀረች። ልጅቷ ብቻዋን ናት፤ ፊቷ ሙሉ ክሬም ሆኖ፣ ከካሜራው ጎን ለቆመ ሰው ትስቃለች። የቆመችው እሷ ነበረች። ልቆርጠው ስል እጄን ያዘችኝ።

"ይህቺን ተዋት። ማንን እንደምታይ አያውቁም።"

ተውኳት።

ከወር በኋላ ደወለችልኝ። ዲስኩ ደርሶ አያት ዘመድ ሰብስበው አይተውታል። ያቺን አሥር ሰከንድ ሦስት ጊዜ አስደግመው፣ ልጅቷ እንዲህ የምትስቀው ለማን ነው ብለው ልጃቸውን በስልክ ጠይቀዋታል።

"ለቪዲዮ አንሺው ነው አለቻቸው" አለችኝ። ቀጥላም፣ "መርቀውሃል። ውለድ ክበድ ብለውሃል።"

አሜን ማለት ነበረብኝ። ምርቃቱ የሷ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። ስልኩን አልዘጋሁትም፤ እሷም አልዘጋችውም።