«ተመስገን»ን እንዴት እንደተረጎምኩት

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አዳራሽ ሆኜ ነው የሰማሁት። ከካውንቲው፣ ከአካባቢው አስተዳደር ጤና ቢሮ የተላከች አበሻ ነርስ ማይክ ይዛ፣ ሜሪላንድ የራሱን የጤና ኢንሹራንስ ገበያ ሊከፍት መሆኑን ነገረችን። «ከእንግዲህ የግል ኩባንያዎቹ በሽታችሁን ጠይቀው አንቀበልም ማለት አይችሉም» አለች። ከኋላዬ አንዱ ታክሲ ነጂ «እንግዲያው መታመም ተፈቀደልን በለኛ» አለ፤ ሰው ሳቀ። እኔ ግን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለሁበት ፎቅ ላይ ከፊት ለፊቴ አንዲት እናት ይኖሩ ነበር። ያስመጣቻቸው ልጃቸው የምትኖረው ሎረል ከተማ ነው። ከግል ኩባንያ ኢንሹራንስ ልትገዛላቸው ስትል፣ ኩባንያው በስልክ ቃላቸውን ልቀበል አለ። ልጅቷ ሥራ ላይ ስለነበረች አስተርጓሚ ሆኜ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግነው፤ እማማን ሊጠይቁ የመጡ ሁለት ሴቶችም ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር።

የኩባንያዋ ሴት «በሐኪም የሚከታተሉት በሽታ አለ?» ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩላቸው።

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ። ምን ጎደለብኝ» አሉ እማማ።

የስኳር መድኃኒታቸውን ከፋርማሲ የማመጣላቸው እኔ ነኝ። በእኛ ደግሞ ጤናውን የተጠየቀ ሰው አስቀድሞ ፈጣሪውን ያመሰግናል እንጂ በሽታውን አይዘረዝርም፤ ሁለት ሦስቴ ሲጠየቅ ነው የሚናገረው። ይህን እያወቅኩ «ኖ» ብዬ መለስኩላት።

ኢንሹራንሱ ወጣ። በዓመቱ እግራቸው ቆስሎ ሆስፒታል ሲተኙ፣ ኩባንያው የቀድሞ የመድኃኒት ወረቀታቸውን አገላብጦ፣ ዋሽተዋል ብሎ ውላቸውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ካንስል አደረገው። ደብዳቤውን ያነበብኩላቸውም እኔ ነኝ።

«ምን አልኳት? ተመስገን ነው ያልኩት» አሉኝ። «ተመስገን ማለት እዚህ አገር ውሸት ነው እንዴ ልጄ?»

ደብዳቤውን አጥፌ ወደ ፖስታው መለስኩት። ከዚያ ወዲያ የሚቀበላቸው ኩባንያ አልተገኘም፤ ክኒናቸውን ለሁለት እየከፈሉ መዋጥ ጀመሩ። ሁለት የእግር ጣታቸው ተቆረጠ።

ነርሷ የነገረችን አዲሱ ሕግ ሲመጣ ለመመዝገብ አብሬያቸው ሄድኩ። መዝጋቢዋ አድራሻና ገቢ ጠይቃ ጨረሰች። እማማ ግን አልተነሡም።

«ስለ ስኳሩስ?»

«እሱን አይጠይቁም እማማ።»

«እኔማ ልነግራት ተዘጋጅቼ መጥቼ ነበር።»

ያ ኩባንያ ታማሚውንም ጤነኛውንም እኩል እንዲቀበል ሲገደድ፣ በስቴታችን ለግለሰብ መሸጡን ተወ። ብዙ ሰው «ይበለው» አለ። እኔ አፌ አልታዘዘልኝም። ጭካኔው የእነሱ ቢሆንም ቃሉ የወጣው ከእኔ ነው።

እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ከተማ ያሉት የንስሐ አባቴ ይህን ስናዘዝላቸው «አትንገሪ ብለውሽ ነው ወይስ ከራስሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «ኖ» ብዬ ከመመለሴ በፊት ወደ እማማ ዞር ብዬ «ስኳሩንም ልንገራት?» ያልኳቸው ይመስለኛል፤ እሳቸውም በእጃቸው ተዪው ያሉኝ ይመስለኛል። እውነት ይሁን ኋላ ለራሴ ማረፊያ የፈጠርኩት ይሁን አላውቅም። እማማን መጠየቅ ደግሞ ጥፋቱን መልሶ እሳቸው ላይ መጫን ነው፤ አላደርገውም።

ስልኩ የተደወለ ዕለት እማማን ልትጠይቁ መጥታችሁ ሶፋው ላይ የነበራችሁ ሁለት እህቶቼ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ፣ ዞር ማለቴን አይታችሁ እንደሆነ ንገሩኝ። ካላያችሁም አላየንም በሉኝ፤ አትዘኑልኝ።